የዳርጌ ጓሮና የአስካል በኩራት

ሰው ማማት አልወድም። ዳርጌ ግን የአጥር ጎረቤቴ ነው፤ ስለ አጥር ጎረቤት ማውራት ደግሞ ሐሜት ሳይሆን ምስክርነት ነው። ሃያ ዓመት አልፎናል አንድ አጥር ይዘን ስንኖር፣ እሱ በወዲያ እኔ በወዲህ። በዚህ ሁሉ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ካልሆነ በቀር ቁጭ ብሎ አይቼው አላውቅም። እዚያም ቢሆን ጉልበቱ ሥራ አይፈታም፤ አግዳሚውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያንቀጠቅጠዋል። አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ስብከቱን የሚሰማው አይሱዙ ላይ ተጭኖ እንደሚሄድ ሆኖ ነው።

እኔ አናጺ ነኝ፤ አለማየሁ እባላለሁ። የጂንካ ልጅ ነኝ። አውሮፕላን ማረፊያው ከተማው መሀል በነበረበት ዘመን ሜዳው ላይ ኳስ ስንጫወት፣ አውሮፕላን ሲመጣ ከከብቶቹ ጋር አብረን የምንባረር ልጆች ነበርን። ከዚህች ከተማ ወጥቼ ልኑር ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ስለዚህ እንደ ዳርጌ ያለ ሰው አይገባኝም ነበር። አንድ ጊዜ የእንጨት መላጊያ ማሽኔን ጠግኖልኝ ዋጋ አልቀበልም ስላለ፣ ከዋንዛ አግዳሚ ወንበር ሠራሁና ጓሮው ውስጥ ያለው ማንጎ ሥር አስቀመጥኩለት። አመሰገነኝ። ወንበሩን ወዘወዘ፣ መሬት መርገጡን አየ፣ እግሮቹን በተቃጠለ ዘይት ቀባቸውና ወደ ሥራው ሄደ። አልተቀመጠበትም። ያን ቀን ብቻ መስሎኝ ነበር።

ዳርጌ የጎፋ ሰው ነው፤ ከሳውላ በላይ ካለ መንደር። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ገና ጢሙ ያልጠና ወታደር ነበር። ጦሩ ሲበተን ከሰሜን እስከ አገሩ፣ ግማሹን በእግሩ ግማሹን ለምኖ በተሳፈረበት መኪና ተጓዘ። "ቤት ደርሼ ከተኛሁ በኋላ እግሬ አሁንም የሚሄድ ይመስለኝ ነበር" ይላል። እኔ እስከ ዛሬም አልቆመም እለዋለሁ። ከዚያ የጭነት መኪና ረዳት ሆነ። መካኒክነቱን የተማረው መንገድ ላይ ከተበላሹ መኪናዎች ሥር ተጋድሞ ነው። ኦሞራቴ ወርዶ የውሃ መሳቢያ ሞተር ሲጠግን ከረመ፤ ሰለቸውና ካንጋተን ሄዶ የመሥሪያ ቤቶቹን ጄኔሬተር ያዘ። እዚያም አልሰነበተም። በሄደበት ሁሉ ይወደዳል፤ እጁ ወርቅ ነው። የወደዱት ሰዎች ግን አንድ ቀን ጠዋት ሲነሱ ፍራሹ ተጠቅልሎ ያገኙታል።

ጂንካ ላይ ያቆመችው አስካል ናት። ከአገሩ ነው ያገባት። ስትመጣ፣ "አንድ ቦታ ትተክለኛለህ እንጂ እንደ መለዋወጫ ዕቃ ይዘኸኝ አትዞርም" አለችው። እሱም እሺ ብሎ ወደ ነሪ ወንዝ መውረጃ ከእኔ ግቢ ጋር የሚዋሰነውን ቦታ ገዛ፤ ከተማው ውስጥ ካለ አንድ ጋራዥም ሥራ ያዘ። ልጃቸው አቤኔዘር እዚያው ቤት ተወልዶ አድጎ ዛሬ አርባ ምንጭ ነው የሚሠራው።

መሬቱ ያኔ ጥቁር፣ ለምለም፣ ጣት የሚገባበት አፈር ነበር። አስካል ከእናቷ ጓሮ የእንሰት ፍል አምጥታ ተከለች፤ ጎደሬውን፣ ስኳር ድንቹን፣ ጎመኑን በየቦታው አሰለፈች። ዝናቡን ታውቁታላችሁ፣ ጂንካ ላይ ዱላ ብትተክል ቅጠል ያወጣል። በአጥሩ ላይ እያቀበለች ጎደሬ ስንት ዓመት እንዳበላችን እኔና ባለቤቴ እናውቃለን። እነዚያን ዓመታት አስካል ደስተኛ ነበረች። ዳርጌም ቢሆን ማታ ማታ እንሰቱን እየዞረ ያይ ነበር፤ እየዞረ እንጂ ቆሞ አይደለም።

ከዚያ ምስጥ መጣ።

ምስጡ መጀመሪያ የቤቱን ማገር በላ። ቀጥሎ የአጥሩን ቋሚ። በኋላ የበቆሎውን አገዳ እና የእንሰቱን ሥር ጀመረ። በእኛ ከተማ ለምስጥ መድኃኒቱ የተቃጠለ ዘይት ነው፤ ከሞተር የወጣውን ጥቁሩን ዘይት ማለቴ ነው። ይህን የማያደርግ የለም። እኔ ራሴ ቋሚ ከመትከሌ በፊት መሬት የሚገባውን ጫፍ በብሩሽ ቀብቼ ነው። ልዩነቱ እኔ በብሩሽ፣ ዳርጌ በጀሪካን መሆኑ ነው። ጋራዥ የሚሠራ ሰው ነው፤ ዘይቱን የሚወስድላቸው ሰው አጥተው የሚደፉት ነገር ነው። ትንሽ ማድረግ ደግሞ አያውቅበትም። በየቋሚው ሥር አፈሰሰ። በአጥሩ ግርጌ ቦይ ቆፍሮ አፈሰሰ። እንሰቱን ሊያድን ብሎ ዙሪያውን አፈሰሰ። አዲስ ኩይሳ ባየ ቁጥር ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ይሮጣል። ይህን ለዓመታት ነው ያደረገው።

ምስጡ ጠፋ። ሌላውም አብሮ ጠፋ። በእኔ በኩል በአጥሩ ሥር ያለው ጎመኔ ቢጫ ሆኖ ቀረ፤ ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ዘራችው፣ ሁለት ጊዜም አዘነች። ተናድጄ ነበር፤ አልዋሽም። በወዲያኛው በኩል የአስካል እንሰት ከልቡ በሰበሰ። በቆሎው ጉልበት ሳይደርስ ይቆማል። አፈሩ ላይ ቅርፊት ያዘና ጋራዥ ጋራዥ መሽተት ጀመረ። ዳርጌ ዘይቱን ቢያቆምም መሬቱ አልተመለሰም። አስካል ዘንቢሏን ይዛ ቅዳሜ ገበያ ወጥታ ጎደሬ ትገዛ ጀመር። እንሰትና ጎደሬ ከጓሮ የሚበላበት አገር ያደገች ሴት ናት፤ ከሻጯ ፊት ቆማ ስትመርጥ አየኋትና አቅጣጫ ቀይሬ ሄድኩ።

አንድ ኅዳር ላይ፣ ከበኩራት እሑድ ስንመለስ ነው የተናገረችው። ላላወቀ ልንገር፤ በእኛ አጥቢያ በዓመት አንድ እሑድ ሰው ሁሉ ከጓሮው የመጀመሪያውን ፍሬ ይዞ ይመጣል። ዱባም፣ በቆሎም፣ ማርም፣ ዶሮም ይቀርባል። ከጸሎቱ በኋላ ጨረታ ይወጣና ገንዘቡ ለቤተ ክርስቲያን ይሆናል፤ የገዛውም ሰው ወስዶ ከቤተሰቡ ጋር ይበላዋል። ያን ዓመት አስካል ባዶ እጇን ነበር የመጣችው። የግቢያቸው በር ላይ ሳትገባ ቆማ እኔ እየሰማሁ፣

"የአቤኔዘር አባት" አለችው፣ "እኔ የሰው ጎደሬ ገዝቼ የምቀቅል ሴት አልነበርኩም። ወንድሞቼ የእናቴን ጓሮ ይዘውልኛል። በሚመጣው በኩራት ከዚህ መሬት የበቀለ ነገር ይዤ ካልሄድኩ፣ ሳውላ እገባለሁ። ብትፈልግ ትመጣለህ።"

አልጮኸችም። ቢሆንም ዳርጌ ፊቱ ተለወጠ። ማታ አጥሩ ጋ መጥቶ ጠራኝ።

"አለማየሁ፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን እሷ ሳትጨርስ ዕቃዬን አስሬ ነበር" አለኝ። "አሁን መሄድ አልፈልግም። ምን ነካኝ?"

"እርጅና ነው" አልኩት። አልሳቀም። እዚያው አጥሩ ሥር ወዲያ ወዲህ ይል ጀመር።

በዚያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ተከፍቶ ከየአገሩ የመጣ መምህር በየግቢው ቤት ተከራይቶ ነበር። በእነ ዳርጌ የጓሮ ክፍል ደግሞ ሄለን የምትባል ልጅ ገባች፤ ከደብረ ብርሃን የመጣች፣ ስለ አፈር የምታስተምር። አንድ ቀን ዝናብ ካባራ በኋላ ጓሮው መሀል ጎንበስ ብላ ቆየች። ውሃው ወደ አፈሩ አይገባም፤ ላዩ ላይ ክብ ክብ ሠርቶ ይንከባለላል። አፈሩን በጣቷ አንስታ አሸተተችና ዳርጌን ጠራችው።

"ጋሽ ዳርጌ፣ ይህ መሬት የተቃጠለ ዘይት ጠጥቷል እንዴ?"

"ጠጥቶ ሰክሯል" አላት።

ሄለን ነገሩን በቀላሉ ነው ያስረዳችን። አፈር ውስጥ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት አሉ፤ ዘይቱን የሚበሉት እነሱ ናቸው። ለመብላት አየር፣ እርጥበትና ፍግ ይፈልጋሉ። ስለዚህ በጣም የጠቆረው ተነሥቶ ላስቲክ ላይ ይከመር፣ ወደ ነሪ እንዳይወርድ ይሸፈን፤ የቀረው በፍግ፣ በቡና ገለባና በሰጋቱራ ይደባለቅ፤ በየጊዜው ይገላበጥ። "ሁለት ዓመት፣ ምናልባት ሦስት" አለች።

ሁለት ዓመት ስትል የዳርጌን ዓይን አየሁት። አስካል የሰጠችው አንድ ዓመት ነበር።

ሰጋቱራውን እኔ ሰጠሁ፤ ጎመኔን ባልረሳም ሰጠሁ። ፍጉን የሰጠው ቦሼ ነው። ቦሼ ከከተማው ወጣ ብሎ የሚኖር አሪ ገበሬ ነው፤ ብዙ ከብት አለው፣ የአጥቢያችንም ሽማግሌ ነው። ፍጉን በአህያ እየጫነ ራሱ ያመጣዋል፤ ባመጣ ቁጥርም አጥሩ ላይ ተደግፎ፣ "መሬቷ ምን አለች?" ብሎ ይጠይቃል። ዳርጌ "ዝም ብላለች" ይለዋል። ቦሼ "ትናገራለች" ብሎ አህያውን ይነዳል።

ዳርጌ ሥራ አገኘ። ሰውየው ለመገላበጥ የተፈጠረ ነው። ከጋራዥ እንደወጣ ዶማውን ያነሣል፤ ዛሬ የገለበጠውን ነገ ይገለብጣል። ሄለን "ትንሽ ይረፍ እንጂ፣ ነፍሳቱም እኮ ይደነግጣሉ" እያለች ትስቃለች። ለሙከራ በጣሳ ባቄላ ዘርታ ሰጠችው፤ ከበቀለው ብዛት መሬቱ ምን ያህል እንደተሻለው ይታወቃል ብላ። ዳርጌ ግን ባቄላው በቀለ አልበቀለ እያለ ማታ ማታ ቆፍሮ ያየዋል። በተቆፈረ ቁጥር ማን ይበቅላል? ሄለን ሌላ ዘርታ ጣሳዎቹን ከክፍሏ ደበቀችበት።

በልግ ሲገባ አላስቻለውም። ከማእድ ቤቱ ጀርባ፣ የተሻለ በመሰለው ጥግ ጎደሬ ተከለ። ሄለን አየችና አልተቆጣችም።

"ለሙከራ ጥሩ ነው" አለችው። እኔ በወዲህ በኩል እንጨት እየላግሁ ነበር፤ ሁሉንም ሰምቻለሁ። "ግን ጋሽ ዳርጌ፣ ይህ አይበላም። ዘይቱን ነፍሳቱ ይበሉታል፤ ከዘይቱ ጋር ከሞተሩ የወጣውን ብረት ግን ማንም አይበላውም። እሱ ደግሞ ሥር ውስጥ ሊገባ ይችላል። ሳምፕል ላቦራቶሪ ልከን ውጤት እስኪመጣ የመጀመሪያው ምርት ተነቅሎ ይጣላል። ለእትዬ አስካል ይንገሯቸው።"

"እነግራታለሁ" አለ።

አልነገራትም። ጎደሬው በቀለ፤ እንዴት ያለ አበቃቀል። ቅጠሉ የዝናብ ጃንጥላ አከለ። አስካል ጠዋት ጠዋት ማእድ ቤቱን ዞራ ታየዋለች። ትከሻዋ ሲላላ፣ ድምጿ ሲቀልል አየን። አንድ ቀን ስትዘምር ሰማኋት፤ ስንት ዓመቷ ነበር ሳትዘምር። ዳርጌ ያን ሲሰማ ሊነግራት ይነሣና ዶማ ያነሣል፣ ወይም የሰው ሞተር አስታውሶ ይወጣል። ክብደቱ ቀነሰ። በአጥሩ በኩል፣ "ንገራት እንጂ ሰውዬ" እለዋለሁ።

"ብነግራት ትሄዳለች።"

"ባትነግራትስ?"

"ከበኩራት በፊት ቅዳሜ ገበያ ስትሄድ ነቅዬ እቀብረዋለሁ። ጃርት በላው እላታለሁ።"

"ቅጠሉንስ ጃርቱ ምን አደረገው ልትል ነው?"

የሰው ሞተር በድምፁ ብቻ ለይቶ የሚያውቅ ሰው፣ ለሚስቱ የሚናገረው አንድ ቃል አጣ።

ኅዳር ደረሰ። ሄለን የአፈሩን ሳምፕል ይዛ አዲስ አበባ ወጥታ ነበር። በዚያ ቅዳሜ አስካል ዘንቢሏን ይዛ ወደ ገበያ ስትወርድ ዳርጌ ዶማውን አነሣ። አንድ እግሩን ጓሮ አንዱን በር ላይ እንዳደረገ ሰዎች በመኪና መጡ፤ ወደ ቀይ አፈር ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ሰው የጫነ አውቶቡስ ተበላሽቶ ቆሞ፣ ሴቶችና ሕፃናት ፀሐይ ላይ ናቸው አሉት። እምቢ ማለት አይችልበትም። ሄደ። ሲመለስ አስካል ቤት ነበረች፣ እራት አቅርባ፣ ነጠላዋን አጥባ፣ ፊቷ በርቶ። ነገ ማለዳ ከእሷ ቀድሜ እነሣለሁ ብሎ ተኛ። ቀድማው ተነሣች። የመዘምራን ልምምድ ስለነበራት በጨለማው ወጣች፤ እሱ ሲነሣ የጎደሬው ጥግ ተቆፍሮ፣ አፈሩም ተመልሶ ተስተካክሎ አገኘው።

ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ዳርጌ ሸሚዙን አዛንፎ ቆልፎ ነበር። ፊት ለፊት ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ዱባው፣ የማር ቅሉ፣ እግራቸው የታሰረ ዶሮዎች፤ ከእነሱ መሀል ደግሞ አዲስ ቅርጫት፣ ውስጡ ታጥቦ የነጣ ጎደሬ። አስካል መዘምራን መሀል ቆማ ባሏን ፈለገችና ስታገኘው ፈገግ አለች። በጠረጴዛው ላይ ያለው የእኛ ነው ማለቷ ነው። ዳርጌ አጠገቤ ተቀመጠ። አግዳሚው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ጨረታውን የሚያጫርተው ሚልክያስ ነው፤ መምህር ነው፣ ቀልድ ያውቃል። ዱባውን ሸጠ፣ ዶሮዎቹን ሸጠ። ቅርጫቱን አነሣ።

"ይህን ታውቁታላችሁ" አለ። "ወንድም ዳርጌና እህት አስካል ከሞተ መሬት ያስነሡት ነው። ማን ይጀምርልኛል?"

ዳርጌ ከሁሉ ቀድሞ እጁን አወጣ። ሰው ሳቀ፤ የራሱን በኩራት የሚገዛ ታይቶ አይታወቅም። ሚልክያስም "ፍቅር ነው" አለ። ከኋላ ቦሼ ተነሣ። ቦሼ ያን ሁሉ ፍግ ያመላለሰው በአህያው ነው፤ ደስታቸው ደስታው ነው።

"ይቺ ጎደሬ የኔም ናት" አለ፤ "እኔ እጨምራለሁ። ልጆቼ ይበሏታል።"

ዳርጌ ጨመረ። ቦሼ ሳቀና ጨመረ። ዳርጌ ኪሱን ዳበሰ፤ ወደ እኔ ዞረ፤ እኔም ያለኝን ሰጠሁት። ጨመረ። ቦሼ ክብር እየሰጠው መስሎታል፤ ሰው ሁሉ ያጨበጭባል፤ አስካል አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትስቃለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ቦሼ አንድ በሬ የሚሸጥ ያህል እጁን ዘርግቶ የመጨረሻውን ጠራ። ከዚያ በላይ ዳርጌ የለውም፤ እኔም የለኝም። ሚልክያስ "አንድ፣ ሁለት" ማለት ጀመረ።

የአግዳሚው መንቀጥቀጥ ቆመ። ዳርጌ ቆሞ ነበር።

"አይበላም" አለ።

ሚልክያስ እጁ በአየር ላይ ቀረ።

"ይህ ጎደሬ አይበላም" አለ ዳርጌ። "መሬቱ ገና አልዳነም። ከዘይቱ የመጣ ብረት ሥሩ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ሄለን ነግራኛለች፤ አስካል አታውቅም። እንዳትሄድብኝ ብዬ ደበቅኋት። ቦሼ፣ ለልጆችህ አትስጥ።"

አስካል ከመዘምራኑ መሀል ወጣች። ነጠላዋን አስተካከለች። ጠረጴዛው ጋ ሄዳ ቅርጫቱን ከሚልክያስ እጅ ወሰደችና ማንንም ሳታይ በመሀል መተላለፊያው ወጣች። ዳርጌ ተከተላት። እኔም ተከተልኳቸው፤ ምን ላደርግ እንደሆነ አላውቅም፣ ግን መቀመጥ አልቻልኩም።

መንገዱን ሁሉ ከፊት ከፊት ሄደች። ዳርጌ ወደ መናኸሪያው ትታጠፋለች ብሎ መታጠፊያው ጋ እርምጃውን ገታ። አልታጠፈችም። ቤት ገብታ በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄደች፤ ላስቲክ ላይ የተከመረውን የጠቆረ አፈር በዶማ ከፈተችና ጎደሬውን አንድ በአንድ አስገብታ ቀበረችው። ላዩን ሸፈነች። ከዚያ ዞረች።

"ሄለን ስንት ዓመት ነው ያለችው?"

"ሁለት" አለ ዳርጌ፤ "ሦስትም ሊሆን ይችላል አለች። አስካል፣ ሂጂ። አልይዝሽም። ልክ ነሽ።"

"ወዴት ነው የምሄደው?" አለችው። "በእግዚአብሔር ፊት አስቀምጬ መልሼ ያነሣሁት ነገር አለ። ሰው ሁሉ እያየ። እሱን ሳልተካ ሳውላ ብገባ እንቅልፍ ይወስደኛል?"

እኔ ሞኙ ነገር ያቀለልኩ መስሎኝ፣ "ከገበያ ገዝቶ መተካትም ይቻላል" አልኩ።

ዞር ብላ አየችኝ። "አለማየሁ፣ በሰው ጓሮ በኩራት አለ እንዴ?" አለችኝ። ለባሏ ደግሞ፣ "ከዛሬ ጀምሮ ልጅቷ የምትነግርህን ሁሉ እኔ እሰማለሁ። ስለዚህ መሬት የማላውቀው አንድ ነገር ካለ፣ ያን ቀን ነው የምሄደው" አለችው።

ከዚያ በኋላ የጓሮው አዛዥ አስካል ሆነች። ሄለን ከአዲስ አበባ ስትመለስ በሩ ላይ ጠብቃ አስቀመጠቻትና ሁሉንም ከመጀመሪያው ጠየቀቻት። የሚገለበጥበትን ቀን አስካል ትወስናለች፤ በሌላው ቀን ዳርጌ ዶማ ቢያነሣ ትነጥቀዋለች። ብረቱን ከአፈሩ እንዲመጥጥ የዝሆን ሳር ተተከለ፤ ታጭዶ ለከብት ሳይሰጥ ተጣለ። የመጀመሪያው የላቦራቶሪ ውጤት ጥሩ አልነበረም፤ አስካል አለቀሰች፣ ዳርጌ ግቢውን ሲዞር ዋለ፣ በማግሥቱ ቦሼ ፍግ ይዞ መጣ። "መሬቷ ምን አለች?" ሲል፣ "ገና ናት ትላለች" አለችው አስካል። ሁለተኛው ውጤት ተሻለ። ዳርጌ ግን አልተሻለውም። መሬቱ በዳነ ቁጥር የሚፈራው ነገር እየቀረበ ነበር፤ ስእለቷን ስትፈጽም ምን ያስቀራታል? ይህን ለእኔ ብቻ ነው የሚለው፣ በአጥሩ በኩል፣ እየተራመደ። በእኔ በኩል እንኳ የባለቤቴ ጎመን አረንጓዴ ሆኖ ነበር፤ እሱ ላይ መናደዴ አልቆ ላዝንለት ጀመርኩ።

ሦስተኛው ውጤት ሲመጣ ሄለን ማንጎው ሥር፣ ያ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ አነበበችው። "የጎደሬው ሥርም ይበላል" አለች። አስካል ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ዳርጌ "ጥሩ፣ ጥሩ" ብሎ ወደ ጋራዥ ሄደ። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፤ ጋራዡ ዝግ ነው።

በበኩራቱ እሑድ አስካል ያንኑ ቅርጫት አዲስ ጎደሬ ሞልታ ይዛ ሄደች። ሚልክያስ ቀልድ አልሞከረም። ቦሼ ብቻውን ተጫረተ፣ ብቻውን ወሰደ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የተቀቀለውን ጎደሬ በሳህን አድርጎ ከሚጥሚጣው ጋር ለእነሱም ለእኛም ላከልን። አስካል ቀስ ብላ በላች። ዳርጌ ቆሞ በላ፤ ዓይኑ እሷ ላይ ነበር።

ሰኞ ጠዋት በራቸው ላይ መኪና ቆመ። የሳውላ መኪና ነው። ከአስካል ወንድሞች አንዱ ወረደ። ዳርጌ አጥሩ ጋ ፈጥኖ መጣና ቋሚውን ያዘ፤ "መጡ" አለኝ። ፊቱን ማየት አልቻልኩም።

ወንድምየው ከመኪናው ላይ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ እስር አወረደ። አስካል ተቀብላ ጓሮ ውስጥ ፈታችው። የእንሰት ፍል ነው፤ ከእናቷ ጓሮ። የድሮው እንሰት የበሰበሰበትን ቦታ ታውቀዋለች፤ እዚያው ሄዳ መቆፈር ጀመረች። ዳርጌ ቀስ ብሎ ቀረባት።

"አስካል" አለ፤ "እንሰት ለመብላት እስኪደርስ ስንት ዓመት ይፈጃል?"

"የጎፋ ልጅ ነህ፤ አታውቅም?" አለችው፤ ቀና አላለችም። "አምስትም ስድስትም። ደግሞ ሲደርስ በኩራቱ አለ።"

ዳርጌ ወደ ማንጎው ሄደ። እዚያ አግዳሚ ላይ፣ ከሠራሁለት ጀምሮ አንድም ቀን ያልተቀመጠበት አግዳሚ ላይ፣ ተቀመጠ። እንጨቱ ጮኸ። አንዱ እግር ተቀነጠሰና ሰውየው ከነወንበሩ መሬት ላይ ተዘረጋ። አስካል ጭቃ በያዘ እጇ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ወንድሟ ሳቀ፤ እኔም አጥሩን ተደግፌ ሳቅሁ።

ዳርጌ የተሰበረውን እግር አንሥቶ ውስጡን አየ። ባዶ ነበር፤ ከውስጡ ነጫጭ ነገር ይርመሰመሳል።

"ምስጥ ነው" አለ። "ምስጥ ተመልሷል።"

"አዲስ እግር እገጥምልሃለሁ" አልኩት በአጥሩ ላይ። "ዘይት ግን አትቀባውም።"

ሊነሣ እጁን መሬት ላይ ሲያሳርፍ አስካል "እዚያው ተቀመጥ፤ ውሃውን እኔ አመጣለሁ" አለችው። ተቀመጠ። አፈሩን በጣቱ እየነካ እሷን ያያት ነበር። ጉልበቱን አየሁት፤ አይንቀጠቀጥም።